ከመደቡ ሥር የተገኘችው ጠገራ

በበርበሬ በረንዳ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል የለም። እንበል ቢሉ ከጧት እስከ ማታ ሌላ ሥራ ባልተሠራ ነበር። ከማረቆ፣ ከሀላባና ከጎጃም ቡሬ የመጣው ዛላ ከመኪና ሲራገፍ፣ ከጆንያ ሲዘረገፍ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲወርድ የሚያስነሣው ቀይ ብናኝ ሰው አይመርጥም። ተሸካሚው ጆንያውን በትከሻው እንዳዘለ ያስነጥሳል፤ ገዢው ዋጋ እየተከራከረ ያስነጥሳል፤ ነባሩ ነጋዴ ብቻ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ ሒሳቡን ይሠራል። በየሱቁ ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጠው ዛላውን አንድ በአንድ የሚቀነጥሱት ሴቶች አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይውላሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሕፃን ልጃቸውን ከማቀፋቸው በፊት እጃቸውን ደጋግመው መታጠብ አለባቸው፤ በርበሬ በጣት ላይ የሚያድር ነገር ነውና።

በዚህ ሠፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ ሆኖ ከውጭ በቆርቆሮ የተለበጠች፣ ወለሏ አፈር፣ በስተ ውስጥ በኩል ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የጭቃ መደብ ያላት፣ በርበሬ ከስልሳ ዓመት በላይ የተሸጠባት ሱቅ ናት። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ሰማንያ ገደማ የደረሰ እናት ናቸው። «ባለቤት» የሚለው ቃል እዚህ ላይ በልማድ የገባ ነው። ሱቂቱ በመጀመሪያ የአንድ ባለ ብዙ ቤት ነበረች፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን ሲታወጅ የቀበሌ ቤት ሆነች፤ ባልና ሚስቱም ኪራያቸውን ለቀበሌው እየከፈሉ ኖሩባት። ባልየው ከሞቱ ዘመን ተቈጥሯል። ከልጆቻቸው የበኵሩ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህር ሲሆን፣ ታናሹ የእናቱን ሚዛን ተረክቦ በዚያው በበርበሬው ንግድ ቀጠለ።

አካባቢው ለአዲስ ሕንፃ ተፈልጎ ሱቂቱ እንድትለቀቅ ማስታወቂያ በደረሰ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሹክሹክታ ሲነገር የኖረ አንድ ጉዳይ ብቅ አለ። ሟቹ አባት አንድ ቦታ ላይ ብር ቀብረዋል ይባል ነበር።

ይህ ለማመን የሚያስቸግር ወሬ አይደለም። በአገራችን ገንዘብን ለአፈር አደራ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱንም ያጸናው የገንዘቡ ታሪክ ራሱ ነው። ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሲሆን፣ ንግሥቲቱ እ.ኤ.አ. በ1780 ከሞተች በኋላ እንኳ ያው 1780 የሚለው ቍጥር ሳይለወጥ እየተቀረጸ በቀይ ባሕር ዙሪያ ሲገበይበት ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ሲያገላብጡትና በድንጋይ ላይ እየጣሉ ድምፁን ሲያዳምጡ ከኖሩት ነጋዴዎቻችን ይህን ያነበበ ጥቂት ይሆናል። ገበያተኛው ያነበበው የንግሥቲቱን ጌጥ ነበር፤ የእንቍዎቿ ነጠብጣብ የተፋቀባትን ጠገራ አንቀበልም ይል ነበርና። አፄ ምኒልክ ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳቸው ምስል ብር ቢያስቀርጹም ማርትሬዛን ከገበያ ሊያስወጧት አልቻሉም። ጣሊያን በወረራው ዘመን በሊሬ ሊተካት ሞክሮ አልሆነለትም፤ እንዲያውም ራሱ በሮም ያስቀርጻት ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲታወጅ የጠገራ ብር ዘመን በሕግ አበቃ። ከሴቶች አንገት ግን አልወረደችም፤ ከብር ሠሪዎች መቅለጫም አልጠፋችም። ዛሬ በየቤቱ ከሚታዩት የብር መስቀሎችና የእጅ አንባሮች ስንቱ በአንድ ወቅት ጠገራ እንደ ነበረ ማን ይቈጥረዋል?

አባትየው ወደ ብሩ የተመለሱት በ1969 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት የንጉሡ ምስል ያለበት የወረቀት ገንዘብ በአዲስ ሲተካ፣ አሮጌው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ተለውጦ እንዲያልቅ ታዘዘ። እርሳቸው በዚያ ሰሞን በርበሬ ሊገዙ ወደ ገጠር ወርደው ነበርና ሲመለሱ ከጆንያ መካከል የደበቁት ወረቀት መጠቅለያ ከመሆን በቀር ዋጋ አልነበረውም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ወረቀት በዐዋጅ ይሞታል፤ ብር ግን ብር ነው» ሲሉ የሰማቸው ብዙ ነው። ትንሽ ትርፍ ባገኙ ቍጥር ከብር ሻጮች አንዳንድ ጠገራ እየገዙ የት እንደሚያኖሩት ለሚስታቸው እንኳ ሳይነግሩ ኖሩ። ሞታቸው ድንገተኛ ስለ ነበረም ምስጢሩን ይዘውት ሄዱ።

ታናሹ ልጅ በአንድ ቀን ሌሊት መሬቱን ገልብጦ መፈተሽ ፈለገ። መምህሩ ግን ወደ ኋላ አለ። በክፍል ውስጥ ስለ ቅርስ ሲያስተምር ያለ ፈቃድ መቈፈር እንደማይገባ ለስንት ተማሪ ተናግሯል! በ1958 ዓ.ም. የጥንታዊ ቅርስ ዐዋጅ ከወጣ ጊዜ አንሥቶ ከአፈር የሚወጣ ቅርስ የቈፋሪው የግል ገንዘብ አለመሆኑ የታወቀ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 209ም ቅርስ ለመፈለግ ፈቃድን የግድ አድርጓል፤ በአጋጣሚ ያገኘም ሳይነካካ ጠብቆ ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወዲያውኑ እንዲያስታውቅ ያዛል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠው ይደነግጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በበኩሉ ባለቤቱ ሳይታወቅ ከ50 ዓመት በላይ ተደብቆ የኖረ ሀብት ሲገኝ የቦታው ባለቤትና አግኚው የሚጠቀሙበትን መንገድ ሲያበጅ፣ ጥንታዊ ቅርስን ለልዩ ሕግ ትቶታል። ይህ ሕግ የተጻፈው ቦታ የግል በነበረበት ዘመን ነው። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የግል አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጽንቶታል። እንግዲህ በቀበሌ ቤት ወለል ሥር፣ ሃምሳ ዓመት ባልሞላው ጊዜ፣ ስሙ የታወቀ አባት የቀበረው ብር ቅርስ ነው ወይስ ውርስ? መምህሩ ከዚህ ጥያቄ ጋር ወደ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ጉዳዩን የሰሙት ሠራተኛ ፈገግ ብለው የቤተሰብ ዕቃ እስከ መልቀቂያው ቀን ድረስ ማውጣት እንደሚቻል፣ ጥንታዊ የሚመስል ነገር ቢገኝ ግን ሳይነኩ እንዲያስታውቁ ነገሩት። ታናሽዬው «ጋሼ፣ አንተ ለመቈፈርም ማመልከቻ ታስገባለህ» ብሎ ሳቀበት።

በአሶሳ በኩል ወርቅ ሲፈልግ ቈይቶ ባዶ እጁን የተመለሰ አንድ ጎረቤት የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን አዋሳቸው። ይህ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ሰሐን የመሰለ ክብ ያለው መሣሪያ የራሱ ታሪክ አለው። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በጥይት የቈሰሉትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን አካል በዚህ ዓይነት መሣሪያ መርምሮ ጥይቱን ሳያገኝ ቀረ፤ ምክንያቱ በሽተኛው የተኙበት አልጋ የብረት ሽቦ ነው ተባለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዩዜፍ ኮሳትስኪ የተባለ የፖላንድ መኰንን የሠራው ዓይነት በ1942 በኤል አላሜን ውጊያ የተቀበረ ፈንጂ ለማምከን ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ከወታደሩ እጅ ወጥቶ ወደ መዝናኛ ፈላጊው ገባ። በእንግሊዝ አገር በሰንበት በሰንበት እርሻ ለእርሻ እየዞረ አሮጌ ሳንቲም የሚፈልግ ብዙ ሕዝብ አለ፤ የእርሻው ባለቤት እንዲፈቅድለት ይጠይቃል፣ የከበረ ነገር ሲያገኝም በሕግ ያስመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በስታፎርድሺር አንድ እንዲህ ያለ ሰው በገበሬ እርሻ ላይ ያገኘው የወርቅና የብር ክምችት ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተገምቶ ገንዘቡን ሰውየውና ገበሬው ተካፍለውታል። ይህን ያነበበ ሁሉ ገበሬውንና ፈላጊውን ይቀናባቸው ይሆናል። የሚቀናበት ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም ዕቃው የተገኘበት ቦታ ታውቆ ባለሙያዎች ተመልሰው ሊቈፍሩበት መቻላቸው ነው።

እሑድ ጧት የሱቂቱ በር ከውስጥ ተዘግቶ ሥራው ተጀመረ። እናትየው ወንበር አስመጥተው ከደጃፉ አጠገብ ተቀመጡ። መሣሪያው እንደ ተከፈተ መጮኽ ጀመረ፤ መጮኹንም አላቆመም። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ከዚያም በላይ ስልሳ ዓመት ሙሉ የወደቀ ምስማር! ቤልን የአልጋ ሽቦ ካሳሳተው መርካቶ ምን ባደረገው ነበር?

እናትየው «ይኼ ነገር ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ብረት አለ ይላል፣ እማዬ» አለ መምህሩ።

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ!»

መሣሪያውን ወደ መሬት አስጠግተው፣ ድምፁን ቀንሰው፣ ጩኸቱ በበረታበት ሁሉ ቈፈሩ። የወጣው ብዙ ነበር። ሰባራ የካራ ስለት፣ የጠፋ ቍልፍ፣ ብሎን፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የሚዛን ሰንሰለት ቍራጭ፣ አንድ የጣሊያን ሳንቲም፣ ጠርዟ እንደ አበባ የተሸራረፈ አንዲት ስሙኒ። ስሙኒዋን ታናሽዬው ሊወረውራት ሲል መምህሩ ያዘው። ይህች የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ሙሉ ክብ ሆና ስትወጣ መጠኗ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር እኩል ስለ ነበረ አታላዮች በብር ቀለም እየነከሩ በሃምሳ ሳንቲም ዋጋ ያሳልፏት ጀመር፤ ስለዚህም መንግሥት ጠርዟን አበባ አስመስሎ እንደ ገና አስቀረጻት። በጨለማ የሚነግድ ሰው በጣቱ ዳሶ እንዲለያት ነው። እናትየው ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሷትና «አዎ፣ እንዲህ ነበረች» አሉ።

መምህሩ ለወጣው ሁሉ በደብተር ላይ ምልክት ያደርግ ነበር፤ ከበሩ ስንት ክንድ፣ ከላይ ስንት ጣት፣ ከምን ዓይነት አፈር። ታናሽ ወንድሙ በላብ ተጠምቆ፣ በርበሬው በላቡ ገብቶ ዓይኑን እያቃጠለው፣ «ጋሼ፣ ምስማር ደግሞ ይመዘገባል?» አለው።

መምህሩ ይህን ያመጣው ተማሪዎቹን ይዞ ወደ አክሱም ከሄደበት ጊዜ ነው። በዚያ ክረምቱ ሲወጣ ጎርፍ የአጠበው፣ ማረሻ የገለበጠው መሬት አሮጌ ሳንቲም ያሳያል። ልጆች ይለቅሙና ለጎብኚ ያቀርባሉ፤ ጎብኚውም በመዳፉ ጨብጦ ይሄዳል። አክሱም በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምራ እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ያስቀረጸች አገር ናት። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል በገንዘቡ ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባበት። እንግዲህ አንድ ባለ ጨረቃ ሳንቲም ከአንድ ቤት ወለል በታች፣ አንድ ባለ መስቀል ደግሞ ከወለሉ በላይ ቢገኝ ወለሉ የተነጠፈው በየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ሁለቱ ይመሰክራሉ። ልጁ በለቀማቸው ጊዜ ግን ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይቀላቀላሉ፤ ከዚያ በኋላ የንጉሡን ስም እንጂ የቤቱን ዕድሜ የሚናገር የለም። ይህን በልጁ ላይ መፍረድ አይገባም፤ ለእርሱ ያች ሳንቲም የደብተር መግዣ ናት። የሚፈረድበት ቢኖር የሚያውቀውና የሚገዛው ነው።

ከዚህ የሚልቅ ምሳሌ በመጠራ ተገኝቷል። ዛሬ በኤርትራ ውስጥ በሚገኘው በዚህ ጥንታዊ ከተማ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሲያስቈፍር በአንድ የነሐስ ዕቃ ውስጥ ከመስቀሎችና ከዶቃዎች ጋር 14 የሮማ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ። ሳንቲሞቹ በ2ኛውና በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የነገሡ ቄሣሮች ናቸው፤ ዕቃው የተቀበረው ግን ከዚያ ስንት መቶ ዓመት በኋላ፣ በክርስትናው ዘመን ነው። በአንገት ላይ እንዲውሉ ማንጠልጠያ ተሠርቶላቸዋል። ከልጅ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ ጌጦች ነበሩ ማለት ነው። አንድ ሰው በመሣሪያ አግኝቶ ለየብቻ ቢሸጣቸው ኖሮ አሥራ አራት ቍራጭ ወርቅ በሆኑ ነበር፤ አንዲት የመጠራ ሴት በአንገቷ የሮማን ቄሣሮች አስራ ትሄድ እንደ ነበር የሚያስብ አይኖርም ነበር።

ይህን ሁሉ መምህሩ ለወንድሙ አልተናገረም። «ይመዘገባል» ብቻ አለው።

ሰዓቱ ወደ ስምንት ሲጠጋ እናትየው ከወንበራቸው ሳይነሡ «መደቡን አፍርሱት» አሉ። ልጆቹ ተያዩ። መደቡ አባታቸው ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ነው፤ ከሞቱ በኋላ ማንም አልተቀመጠበትም፤ ጆንያ ብቻ ይደገፍበት ነበር። መሣሪያው በመደቡ ላይ ሲያልፍ ከግድግዳው ቆርቆሮ የተነሣ ስለሚጮኽ ትተውት ነበር።

ምርጊቱ ሦስት ድርብ ነበር። ከላይ ያለው ሁለቱ ስስ፣ በየዓመት በዓሉ የተቀባ ነው፤ ሦስተኛው ወፍራምና ገለባ የበዛበት ነው። ከእርሱ በታች በድንጋይ ተከብቦ አንድ የወተት ጣሳ ተገኘ። ክዳኑ ዝጎ ስለ ነበር በካራ ተነቀለ። በውስጡ ሰባት ጠገራ ብር ነበረ። ስድስቱ በአንድ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ሰባተኛዋ ለብቻዋ ናት፤ በራስጌዋ ላይ ለክር ማስገቢያ የሚሆን ማንጠልጠያ ተበይዶባታል።

ታናሽዬው ደስ ብሎት «እማዬ!» አለና ወደ እናቱ ዞረ። እናትየው ግን ስድስቱን አላዩም። ሰባተኛዋን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አቀረቧት፤ ገለበጧት፤ ከዚያም በጉልበታቸው ላይ አኖሯትና በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኗት።

በ1971 ዓ.ም. በዚያች ሱቅ ውስጥ ዛላ የምትቀነጥስ አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ልጅ ነበረች። ከገጠር መጥታ ሌሊት ከጆንያዎቹ ኋላ ታድር ነበር፤ በወር 15 ብር ይከፈላታል። የዛሬው መምህር ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ በኪሷ ቆሎ ትይዝለት እንደ ነበር አሁንም ያስታውሳል። በነሐሴ ወር እናትየው ለሠርጋቸው የተሰጣቸው የአንገት ድሪ ከሦስት ጠገራዎቹ አንዷ ጐድላ ተገኘች። ቤት ውስጥ የሚያድር ሌላ ሰው አልነበረም። ልጅቱ ተጠየቀች፣ ተፈተሸች፣ ካደች፤ ቀበሌ ተወስዳ ሁለት ሌሊት አደረች። ሕፃኑም ተጠይቆ «ድሪውን ስትነካ አይቻታለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ለበዓል በአመድ ስትወለውለው አይቷት ነበር፤ ስለ ምን እንደ ነካችው የጠየቀው ግን አልነበረም። ማስረጃ ስለ ታጣ ተለቀቀች፤ የወር ደመወዟ ግን ተያዘባት። በሩ ላይ ቆማ «ገብርኤል ይመስክርብኝ፣ እትዬ» ብላ ሄደች። አባትየው በዚያን ቀን ከመደቡ ላይ ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ሒሳብ ይሠሩ ነበር ይላሉ እናትየው፤ ስለ ጠገራዋም አንድ ቃል አልተናገሩም።

አሁን እናትየው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ከየትኛው ምርግ በታች ነው የነበረው?»

መምህሩ ደብተሩን ተመለከተ። «ከሦስተኛው በታች፣ እማዬ። ከወፍራሙ።»

«እሱን ምርግ አባትህ ራሱ ነው የመረገው። በዚያው ዓመት፣ ለመስቀል። ልጅቱ ከሄደች ወር አልሆናትም። ሰው እንቅጠር ብለው እንቢ አለኝ።»

ከዚህ በኋላ በዚያች ሱቅ ውስጥ ብዙ ክርክር ተደረገ። ታናሽዬው ለአባቱ ተከራከረ፤ ዕዳ ይዟቸው ይሆናል፣ መያዣ ሊያደርጓት ወስደው በኋላ አስመልሰዋት ይሆናል አለ። መምህሩ ደግሞ ሌላ መንገድ አመጣ። ምናልባት አልወሰዷትም፤ ክሩ ተበጥሶ ከጆንያ መካከል ወድቃ ኋላ አግኝተዋት፣ ልጅቱ ከተባረረች በኋላ መናገሩ አሳፍሯቸው ደብቀዋት ይሆናል አለ። እናትየው ሁለቱንም ሰሙና «እንዲያ ከሆነማ ይብሳል» አሉ።

የአባትየው ልብ ምን እንደ ነበር ከአፈር የሚወጣ ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን ተረጋግጧል፤ ጠገራዋ የልጅቱ እጅ ባልደረሰበት፣ አንድ ሰው ብቻ በሚቀመጥበት፣ ያ ሰው በገዛ እጁ በመረገው ጭቃ ሥር ነበረች። ያው ጠገራ በብር ሠሪ ሚዛን ላይ 28 ግራም ነው። በደብተሩ ላይ ባለው ቦታዋ ግን ከአርባ አምስት ዓመት በኋላ ቀርባ ለአንዲት ዛላ ቀንጣሽ የምትመሰክር ናት። ሕንፃ አፍራሾቹ ቀድመው ቢደርሱ፣ ወይም ታናሽዬው እንዳሰበው ሌሊት በችኰላ ተገልብጦ ቢሆን፣ ሰባቱም ጠገራ በአንድ መዳፍ ላይ ተቀላቅለው፣ ምርጉ ከፍርስራሹ ጋር ተጭኖ ይሄድ ነበር።

ታናሽዬው አመሻሹ ላይ ስለ ዋጋ ማንሣቱ አልቀረም። ነጋዴ ነው፣ ደግሞም ሱቁን ለቆ አዲስ ቦታ መከራየት አለበት፤ ስለዚህ ሊወቀስ አይገባም። እናትየው ስድስቱን ቈጥረው ሰጡት። «ይህችን ግን አትንካት» አሉት። መምህሩ በድሪው ላይ ትመለስ እንደ ሆነ ጠየቀ። «በአንገቴ? አላደርጋትም» አሉ፤ መልሰው በጣሳው ውስጥ አኖሯት።

በማግሥቱ ሰኞ የሠፈሩ ሴቶች ሥራ ሲጀምሩ እናትየው በትራቸውን ይዘው ወጡ። ስልሳ ዓመት ከመደብ ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ከኖሩት ሴቶች መካከል መሬት ላይ ተቀመጡ። ወጣቶቹ ደንግጠው ቦታ ለቀቁላቸው። ከዛላው ክምር ያዝ አድርገው እየቀነጠሱ የልጅቱን ስም፣ የመጣችበትን አገር፣ በግራ ቅንድቧ ላይ የነበረውን ጠባሳ እየተናገሩ ከአሮጊቶቹ አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዷ አስታወሰቻት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጎጃም በረንዳ በኩል እህል ስታበጥር አይታት እንደ ነበረና ኋላ አግብታ ወደ ወልቂጤ ሄደች ሲባል መስማቷን ነገረቻቸው። ሌላዋ ደግሞ አይደለም፣ እርሷ ሌላ ናት አለች።

ሱቂቱ በወሩ መጨረሻ ፈረሰች። ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት እናትየው ልጃቸውን ደብተሩን እንዲያወጣ አዘዙት። ከጣሳው ጥልቀትና ከምርጉ ቍጥር በታች የልጅቱን ስም አጻፉት። ቀጥለውም «ያልተከፈላት 15 ብር» ብለህ ጻፍ አሉት። መምህሩ ጽፎ ሲያበቃ፣ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ብር ስንት ኪሎ በርበሬ ይገዛ እንደ ነበር በጣታቸው ቈጥረው፣ ዛሬ ያንኑ ያህል በርበሬ ምን ያህል እንደሚያወጣ ታናሽዬውን ጠይቀው፣ የነገራቸውን ገንዘብ ከስድስቱ ጠገራ ሒሳብ ላይ ለብቻ አስቀመጡት። ለቀንጣሾቹ ሴቶችም የሚሄዱበትን ቤት ምልክት ነገሯቸው፤ ማለዳ ማለዳ እዚያው ናቸው በሏት ብለው።